ለሕያው የተተከለ ድንኳን

መካነ ሰላም
መስከረም 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለፈርሂያ፣ ኩዌት

አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ የምትረግጪውን አሸዋ ያቀዝቅዝልሽ፣ የምታነሺውን ድስት ያቅልልልሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ራሕማም ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ አቤቱታ አለኝ። ከኩዌት በተመለሰችው በኡሙልኸይር እጅ የላክሽው ድንኳን ደርሶኛል። ድንኳኑ ጥሩ ነው፤ ከረጢቱ ግን ከእኔ ጋር ጸብ አለው። ሲወጣ ቅቤ እንደ ተቀባ ነገር ሹልክ ብሎ ወጣ። ልመልሰው ብል አሻፈረኝ አለ። አጠፍኩት፣ ጠቀለልኩት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ጎረቤቴ ሞላ ላዩ ላይ ተቀመጠበት፤ በአንድ በኩል ሲገባ በሌላ በኩል ይወጣል። አራት ሰው የሚያስተኛ ነገር የሕፃን ካልሲ በሚያህል ከረጢት የከተቱት ሰዎች ምን ዓይነት ጣት ቢኖራቸው ነው? ከረጢቱን ሽንኩርት አድርጌበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ልማዳችን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሐረግ ፎቶ አንስታ በስልኳ ትልክልሻለች። በአፍ እናውራ ትያለሽ፤ በአፍ ስናወራ ግማሹን ኔትወርክ ይበላዋል፣ ግማሹን አንቺ ታለቅሺበታለሽ። ወረቀት ይሻላል። ሐረግ ስታነሳ እንደምታነብ አውቃለሁ። ሐረግ፣ ስለ አንቺ ክፉ አልጻፍኩም፤ ዝለይና እለፊ።

አሁን ወደ እናትሽ ኩርፊያ። ባለፈው ሳምንት ድንኳኑን ልሞክረው ብዬ ደጄ ላይ ተከልኩት። ሚስቴ ኸዲጃ “ቤት እያለህ?” አለች፤ የሱፍ ባናዬን ይዤ ገባሁ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለሽ! ጎህ ሲቀድ በለቅሶ ነቃሁ። ብዙ ሰው ነው፣ ሴቱም ወንዱም። ጎረቤት ሞቶ ተኝቶ መገኘት ነውር ነውና እኔም ከውስጥ ሆኜ ማልቀስ ጀመርኩ። እያለቀስኩ ዚፑን ከፍቼ በአራት እግሬ ወጣሁ።

“ማን ነው የሞተው?” አልኩ።

“ወይኔ! ኀዘኑ አእምሮውን ነስቶታል!” አሉና ባሰባቸው።

ለካስ ድንኳኑን አይተው ነው። በእኛ አገር ማታ ድንኳን ከተተከለ ጠዋት ሰው ይቀበራል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሰርግ እንዳይሉ ከበሮ የለም። ባሕር ማዶ ያለሽኝ ዘመድ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። አንዷ “የራሕማ ልጅ ናት” ስትል በቃ፣ ሞትሽ። የቅሬው ወንዶች እንደ እድር ወጉ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጥተዋል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለዋል። እናትሽ መቀነቷን ሳትታጠቅ ሮጣ መጣች። አለመሞትሽን ስነግራት አላመነችኝም፤ ስታምነኝ በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችኝ። የዚያን ቀን ስልክ ደውላልሽ “ሃሎ” ስትዪ ዝም ያለችው ለዚህ ነው። ንፍሮውን ግን በላነው።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። ኮንትራትሽ ጥር ላይ ያልቃል። እመቤትሽ ሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ እያለችሽ እንደሆነ ኡሙልኸይር ነገረችኝ። አትፈርሚ። አፋፉ ላይ ያለውን የአባታችንን መሬት ታውቂዋለሽ፤ ከሥሩ የዓባይ በረሃ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። የዩኒቨርሲቲው መምህራን በየቅዳሜው እዚያ ቆመው ፎቶ ይነሱና ማደሪያ ስለሌለ ቶሎ ይመለሳሉ። ይህ ድንኳን አለን። አንቺ ስትመጪ ሌላ አንድ ያዢ። ሥራ ማለት ይኸው ነው።

አላህ ይጠብቅሽ።
አጎትሽ ሙሐመድኑር


ኩዌት
ጥቅምት 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ ለሙሐመድኑር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ፣ የእትዬ ኸዲጃ ጤና፣ የእናቴ ጤና እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ሆኜ አነበብኩት። ስለ ለቅሶው ሳነብ ሳቅኩ፤ እመቤቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ መጣች። “ሞቼ ነበር” አልኳት፤ አልገባትም። የእናቴ ነገር ግን አንጀቴን በላው። እባክዎ ይታረቋት።

ድንኳኑን የላክሁት ለእርሻ ጥበቃ ይሆንዎታል ብዬ ነበር። አንቱ ግን ሆቴል አደረጉት። አጎቴ፣ ስለ ድንኳን እኔ ልንገርዎት። እዚህ ሰው በኅዳር ከተማውን ትቶ ወደ በረሃ ይወጣል። ሀብታም ሰዎች ናቸው፤ ግን አሸዋ ላይ መተኛት ይወዳሉ። እኔም ለማብሰል አብሬ እሄዳለሁ። አምና ከጎናችን የሰፈሩት ቤተሰቦች ካራቫን ነበራቸው፤ ጎማ ያለው ቤት ማለት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። አንድ ቀን ሥራ ላግዛቸው ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ብሠራ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ ውስጡን እንደዚያ አሠራዋለሁ። እንግዳ ይዘን መቅደላ እንሄዳለን፣ ወግዲ እንሄዳለን፣ የፈለግንበት እናድራለን። ድንኳንማ ድሃም አለው፤ ማን ከፍሎ ይተኛበታል? እመቤቴ መልሴን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ትጠብቃለች። ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። ይፍቀዱልኝ።

የሚታዘዝዎት ልጅዎ
ፈርሂያ


መካነ ሰላም
ጥቅምት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለባለ ሚኒባሷ ለፈርሂያ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አላህ የቀን ሐሩሩን ከራስሽ፣ የእመቤትሽን ድምፅ ከጆሮሽ ያርቅልሽ። እናትሽን ታርቄያለሁ፤ አንድ ዶሮ ፈጀ።

አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ወግዲ ያለውን መንገድ ረስተሽዋል እንዴ? አይሱዙ እንኳ እየማለ ነው የሚሄድበት። ያ ምድጃሽ፣ ያ ፍሪጅሽ መንገድ ላይ ተነቃቅሎ እንግዳው ጭን ላይ ይቀመጣል። ደግሞስ ፍሪጅ ለመካነ ሰላም? ማታ ደጅ ያሳደርሽው ውኃ ጠዋት ጥርስ ያደነዝዛል፤ አላህ የሰጠንን ፍሪጅ ጎማ ካላስገባሁለት ትያለሽ?

የእኔን ካራቫን ስሚ። ከታች ገለባ፣ ከገለባው ላይ ሸራ፣ ከሸራው ላይ አጎዛ፣ ከላይ ሁለት ባና። ዕቃ የምትጭነው አህያዬ ናት፤ ጎማዋ አይተነፍስም፣ መለዋወጫም ከአዲስ አበባ አይመጣላትም። ኸዲጃ ጠዋት ትኩስ ቂንጬ ታደርሳለች። እሷም “ቤት እያለህ ሰውን ሜዳ አስተኝተህ ልታስከፍል? ይሄ ንግድ ነው ወይስ ግፍ?” ብላኛለች። ንግድ ነው አልኳት።

ደግሞ ድንኳን ድሃም አለው አልሽ። እነዚያ ሀብታሞችሽስ ለምን አሸዋ ላይ ይተኛሉ? ራስሽ ጻፍሽው፣ ራስሽ አላነበብሽውም።

አንድ እክል ግን ገጥሞኛል። እሑድ ቅሬው ጠራኝ። የቅሬውን ዳኛ አያ አስናቀውን ታውቂዋለሽ፤ ሲናገር ሁልጊዜ ቀብር ላይ የቆመ ይመስላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀምጧል።

“ሙሐመድኑር፣” አለኝ፣ “ደጅህ ድንኳን ተክለህ ሰውን በባዶ አስለቅሰሃል።”

“እኔ አላስለቀስኩም። እኔም አልቅሻለሁ።”

“ድንኳን ለምን ይተከላል?”

“ለሰርግም ይተከላል።”

“ሙሽራው የታለ?”

“አለሁ። ኸዲጃ ከፈቀደች።”

ሰው ሳቀ። ሞላ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አስናቀው አልሳቀም።

“ያለ ሰርግ ያለ ሞት የቆመ ድንኳን ሰው ይጠራል፤” አለ። “ለማን ነው የቆመው ብሎ የሚመጣ አለ። እሱ ከመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ነቅለህ ከረጢቱ ውስጥ ክተት።”

“ያማ የሚገባ መስሎሃል?”

ሁለተኛ ሲስቁ ፊቱ ጠቆረ። ወይ ድንኳኑ ይነቀል፣ ወይ ከቅሬው ውጣ፤ እስከ ሌላው እሑድ አስብበት ብሎ አሰናበተኝ። አስቤ ጨርሻለሁ። ድንኳኑን ከደጄ ነቅዬ አፋፉ ላይ ተከልኩት፤ ከሁሉም ቤት እንዲታይ።

አንቺ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። በዚያ በረሃ እመቤትሽ ድንኳን ውስጥ ትተኛለች፣ ጎረቤቶቹ ካራቫን ውስጥ ይተኛሉ። አንቺ የት ነው የምትተኚው?

አጎትሽ


ከኩዌት ከተማ ውጭ፣ በረሃ
ኅዳር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ

ሰላም ለአንቱ ይሁን፤ አላህ ከክፉ ይሰውርዎት። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በረሃ ወጥተናል፤ ስልክ የምሞላበት ጊዜ አላገኘሁም።

አጎቴ፣ ድንኳኑን ይንቀሉት። በእግዜር፣ በአላህ፣ በሚያምኑት ሁሉ እለምንዎታለሁ። እናቴ ስልክ ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሰው ቀልድ ይወዳል፤ ቅሬ ግን ቀልድ አይደለም። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ጉድጓዱን ማን ይቆፍራል? እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ አንቱ ብቻዎን እንደወደቁ ብሰማ ምን እሆናለሁ? በእኔ ምክንያት ከሰው አይለዩ። እፈርማለሁ፤ አለቀ። ሁለት ዓመት ነው።

ካልነቀሉት ግን (እንደማይነቅሉት አውቃለሁ) ቢያንስ በሩን ከነፋሱ ያዙሩት። በዙሪያው ጠባብ ቦይ ይቆፍሩ፤ ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ ውኃው ከሥር ይገባል። ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይቋጥሩበት፣ ሰው በጨለማ እንዳይደናቀፍ። ከሰል በፍጹም ወደ ውስጥ አያስገቡ፤ እዚህ አምና ሰው ገድሏል። ሌሊት ብርድ ቢበረታም አያስገቡ።

የምተኛበት ደህና ነው።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለፈርሂያ

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለሚያዝንልሽ ሁሉ። ለማያዝንልሽ ደግሞ አላህ እሾህ ያለበት ፍራሽ ይስጠው።

ይኸው ከቅሬ ተባርሬያለሁ። አስናቀው ስሜን ጠርቶ “ከዛሬ ጀምሮ የለህበትም” ሲል ቆሜ “አሜን” አልኩ። ተናደደ። ምን ላድርግ? ላልቅስለት?

ወዲያው በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ሥር ያሉት እማማ አልታዬ አረፉ። አስከሬናቸው ዳገቱን በቃሬዛ ይወጣል። ወርጄ ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር አስገባሁ። አስናቀው “አንተ ቅሬ የለህም” አለኝ። “ቅሬ የለኝም፤ ትከሻ አለኝ” አልኩት። ዳገት ላይ ተሸካሚን ማን ይገፋል? ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አደረስኳቸው፤ መቃብሩም ላይ አካፋ ያዝኩ። ስጨርስ አጨብጭቤ አቧራዬን አራገፍኩና አላህ ይማርዎት ብዬ ሄድኩ። ከቅሬ ሊያወጡኝ ይችላሉ፤ ከቀብር ግን አይችሉም። እኔን ማን ይቀብረኛል ትያለሽ? እስክሞት እየቀበርኳቸው ይጠብቁ።

አሁን የምሥራች። እንግዳ አደረ! ሁዜይፋ የሚባል የባዮሎጂ መምህር ከጓደኛው ጋር መጣ። በሩን ከነፋሱ አዙሬዋለሁ፣ ቦዩን ቆፍሬያለሁ፣ ነጭ ጨርቁን ከኸዲጃ አሮጌ ነጠላ ቀድጄ አስሬያለሁ (አትንገሪያት)። ከሰል ሲለምኑኝ በባና አፈንኳቸው። ጠዋት ስሄድ ተቀምጠው ታች ያያሉ። በረሃው በደመና ሞልቶ እነሱ ከደመናው በላይ ናቸው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ይነጫሉ። መምህሩ ቂንጬውን በእጁ ይዞ ረስቶታል።

“እንዴት አደራችሁ?” አልኩ።

“ጋሼ፣ ይሄን ቦታ እስከ ዛሬ የት ደብቃችሁት ነው?”

“ሰው ይሞታል ብለን ፈርተን ነው” አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

በጥር ጓደኞቹን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኝ ሄደ። ካራቫን ይኑር አይኑር አልጠየቀም።

የምተኛበት ደህና ነው አልሽኝ። እንዴት ነው ብዬ መች ጠየቅኩሽ? የት ነው ነው ያልኩሽ።

አጎትሽ ሙሐመድኑር፣ ቅሬ የለሹ


በረሃ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

አጎቴ

ሰላም ይሁንልዎት። ዛሬ ብዙ አልመርቅም፤ ጊዜ የለኝም። ከጠየቁኝ እነግርዎታለሁ። ለእናቴ ግን አያንብቡላት። ሐረግዬ፣ አንቺም ለማንም እንዳትነግሪ።

የምተኛው በወጥ ቤቱ ድንኳን ነው፤ በጋዙና በውኃው በርሜል መካከል። ሌሊት የጠማው ሁሉ ይገባል፣ ወንዱም ሴቱም። መብራት ያበሩብኛል፣ ይረግጡኛል፣ አንዳንዴ ሻይ አፍዪ ይሉኛል። እግሬን ዘርግቼ አላውቅም። ካራቫኑን የወደድኩት ለአልጋው አልነበረም፤ ለመቆለፊያው ነበር። ይህን ስጽፍልዎት ገና አሁን ገባኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን የእመቤቴ ልጆች የጣሉትን የተቀደደ ትንሽ ድንኳን ከቆሻሻው አነሳሁ። ሰፋሁት። ከሰፈሩ ራቅ አድርጌ ተከልኩትና ዚፑን ከውስጥ ዘጋሁ። አጎቴ፣ ተኛሁ። እግሬን ዘርግቼ፣ ጠዋት ፀሐይ ጨርቁን እስኪያሞቀው ተኛሁ። እመቤቴ ቁርስ የለም ብላ ፈልጋ አገኘችኝ። ነቅለሽ ተመለሽ አለችኝ። “ማታ ማታ ጊዜው የራሴ ነው” አልኳት። እንዲህ ስላት የመጀመሪያዬ ነው። “ቅዳሜ ሳምንት ወረቀቱ ይመጣል፤ ወይ ትፈርሚያለሽ ወይ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ” አለችኝ።

መሄድ እፈልጋለሁ። ሚኒባሱንም ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስፈርቶኛል። አፋፍ ላይ ሰው ስናሳድር አንዱ ቢወድቅ፣ አንዱ ሌሊት ቢታመም ማን ነው በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው? ቅሬው አይደለም እንዴ? አንቱና እትዬ ኸዲጃ ብቻችሁን ሰው አትሸከሙም። የሰው ልጅ ነፍስ በእኔ ቀልድ አይጥፋ። ቅሬው ከእኛ ጋር ከሆነ አልፈርምም። ካልሆነ ፈርሜ እቀመጣለሁ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ፤ ለማጽናናት ብለው አይዋሹኝ።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ፈርሂያዬ

አሰላሙ ዓለይኪ። ያን የተቀደደ ድንኳን የሰፋች እጅ አላህ ይባርካት።

ደብዳቤሽን ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ሐረግ ፊቷን አዙራ ወረቀት የምትደረድር መሰለች። ከዚያ “ጋሼ፣ ታረቅኩ ብለው ይጻፉላት፤ ከመጣች በኋላ ምን ታደርጋለች?” አለችኝ። ክፉ ምክር አልነበረም። ብዙ ዋሽቻለሁ በሕይወቴ፤ ለቀረጥ ሰብሳቢ ዋሽቻለሁ፣ ለእናትሽ ዋሽቻለሁ፣ ለኸዲጃ ስለ ነጠላው እስከ ዛሬ እየዋሸሁ ነው። አንቺ ግን እውነቱን ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እውነቱ ይኸውልሽ። አልታረቅኩም። ትናንት አስናቀው ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። ስለ አንቺ ነገርኩት፤ የት እንደምትተኚ አልነገርኩትም፣ ያ የአንቺ ነው። “ልጅቷ ልትመጣ ነው፤ እንግዳ ቢታመምብን ቃሬዛ ታነሳልን?” አልኩት። በጉን እያሰረ ነበር። ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረው። “ሕግ ሕግ ነው” አለኝ። ብዙ ተሳድቤ ወጣሁ። ስለዚህ ቅሬው ከእኛ ጋር አይደለም።

ግን አትፈርሚ። ፈርቼ ነው የምትዪ ከሆነ እኔም ፈርቻለሁ፤ ፈርቶም ድንኳን መትከል ይቻላል። ሞላ ትከሻ አለው። ሁዜይፋና ጓደኞቹ ትከሻ አላቸው። እናትሽ ሳትቀር እሸከማለሁ ብላለች፤ ትችላለች ደግሞ፣ ነጠላዋ ሲያርፍብኝ አውቄዋለሁ። ቅሬ ማለትስ መጀመሪያ ምን ነበር? ሰው የተሸከመ ሰው አይቶ ገብቶ ማገዝ ነበር። ከሌለን እንጀምረዋለን። አፋፉ ላይ የሚያድር ሁሉ ሌላውን ይሸከማል፤ መዋጮው ይኸው ብቻ ነው። በሁለት ባናና በአንድ አህያ ጀምረናል፤ በአንቺ እግር መዘርጋት እንጨርሰዋለን። ማንም ሰው የ

ቆይ፣ ውሻው ጮኸ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ በዚህ ሰዓት ማንንም አልጠብቅም። ኸዲጃ ልትከፍት ሄዳለች።

ፈርሂያ፣ አስናቀው ነው። በሩ ላይ ቆሟል። ባናውን በትከሻው ጥሏል፤ በእጁ የቅሬውን የብረት ካስማ ይዟል፣ ያን ረጅሙን።

“ግባ እንጂ” አልኩት።

“አልገባም። ነፋስ ተነስቷል፣ ያ አጭር ካስማህ ሌሊት ይነቀላል።”

“ቅሬው ልኮህ ነው?”

“ቅሬው ዓርብ ይሰበሰባል። ሰው የሚያድርበት ነገር ላይ ከመፍረዴ በፊት ራሴ ልደርበት ብዬ ነው።” ወደ አፋፉ አየና “ለማን ነው የቆመው ብሎ የሚመጣውም ካለ እኔን ይጠይቅ” አለ። “ጠዋት ከነነፍሴ ከወጣሁ ዓርብ የምናገረውን አውቃለሁ። ይልቅ ተነስ፣ መዶሻ አምጣ።”

ሐረግ ሳትዘጋ ይህን አደርስላታለሁ። መዶሻውን ይዤ እየሄድኩ ነው። አትፈርሚ።